የጌም ፊልም ለምን ዓመታት ይፈጃል? ከአንቻርትድ እንነሳ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አንቻርትድ ፊልም ሊሆን ነው የተባለው በ2008 ነው፣ ሲኒማ የገባው በ2022። ማይንክራፍትም ከ2014 እስከ 2025 አስጠብቆናል። ታሪኩ ጌሙ ላይ አለ፣ ገጸ ባህሪው ይታወቃል፣ ተመልካቹ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ገንዘብም አልጠፋም። ታዲያ ምን ሲሠሩ ነው የሚከርሙት? የሚለግሙት ዳይሬክተሮቹ ናቸው ወይስ ስቱዲዮው? ደግሞስ እኔ የምጠብቀው ፊልም ይሠራ አይሠራ በምን ልወቅ?»

ሥራዬ ስክሪፕትን ቀረጻ ደጃፍ ድረስ ማድረስ ነውና መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ። ዓመቶቹን እንደ አንተው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። 14 ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ አንቻርትድን የሠራ ሰው የለም። ቀረጻው ራሱ በጁላይ 2020 ተጀምሮ በኦክቶበር አልቋል። በኮቪድ መሃል፣ ከነጭንብሉና ከነምርመራው። የቀረው ዘመን የሄደው ለመጀመር በመሞከር ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አንድ ትልቅ ፊልም ካሜራ ፊት እንዲቆም ስክሪፕቱ፣ ዳይሬክተሩ፣ ዋናው ተዋናይና ገንዘቡ በአንድ ወቅት መገጣጠም አለባቸው። ከጌም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የጌሙ ባለቤት የሚባል አምስተኛ አለ። አምስቱም የየራሳቸው ጉዳይና የየራሳቸው ካላንደር አላቸው። ዳይሬክተሩ ሲመቸው ተዋናዩ ሌላ ቀረጻ ላይ ነው። ተዋናዩ ሲመለስ የስቱዲዮው ኃላፊ ተቀይሯል። አዲሱ ኃላፊ ስክሪፕቱን አልወደደውም። ከእነዚህ መካከል አንዱ እንደ ምሰሶ ተተክሎ የማይነቃነቅ እስኪሆን ድረስ ሌላው ሁሉ ይዋልላል። ስለዚህ አንድ የጌም ፊልም ለምን ዘገየ ብለህ ስትጠይቅ፣ ምሰሶው ምን ነበር፣ መቼስ ተተከለ ብለህ ጠይቅ።

አንቻርትድን በዚህ ዓይን እንየው።

አንቻርትድ ኔትን ድሬክ ስለሚባል ሀብት አዳኝ የሚያወራ የቪዲዮ ጌም ነው፤ የመጀመሪያው የወጣው በ2007 ለሶኒው ፕሌይስቴሽን 3 ነው። በዓመቱ ፕሮዲዩሰሩ አቪ አራድ ከሶኒው ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ጋር ፊልሙን እያዘጋጀ መሆኑን ተናገረ። «እያዘጋጀን ነው» የሚለው ቃል በእኛ ሙያ ብዙም አይመዝንም። አንድ ፕሮዲዩሰር አለ፣ አንድ ስቱዲዮ አለ፣ ምናልባት ስክሪፕት እንዲሞክር የተቀጠረ ሰው አለ፤ በቃ። ዜናው ግን «አንቻርትድ ፊልም ሊሆን ነው» ብሎ ይወጣል፣ ያንተም ቆጠራ ከዚያ ቀን ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንዲሁ ሄዱ።

በ2010 መጨረሻ አካባቢ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ኦ. ራስል መጣ። ተዋናዩ ማርክ ዋልበርግም አብሮት፣ ኔትን ድሬክን ሆኖ ሊጫወት። ሁለቱ በዚያው ዓመት «ዘ ፋይተር»ን አብረው የሠሩ ናቸው። ራስል ያሰበው በጥንታዊ ቅርስና በሥነ ጥበብ ዕቃዎች ዓለም ውስጥ ስሙ ስለሚፈራ አንድ ቤተሰብ ነበር። ዋልበርግ የሮበርት ዴኒሮንና የጆ ፔሺን ስም ያነሳ ነበር፣ ለአባትነትና ለአጎትነት። ጌሙን የተጫወተ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። ድሬክ እኮ ብቻውን የሚንከራተት ሰው ነው፤ ቤተሰብ የሚባል ነገር ካለውም በዕድሜ የሚበልጠው አጋሩ ሱሊ ነው። ደጋፊው ተንጫጫ። በ2011 ራስል ወጣ። እኔን ከጠየቅከኝ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ አንቻርትድ መባል የማያስፈልገው የራሱ ፊልም ነበር እንጂ።

ቀጥሎ ኒል በርገር በ2011 ገባ፣ በ2012 ወጣ። በ2014 ሴዝ ጎርደን ገባ፣ በ2015 እሱም ወጣ። በመሃል ብዙ ስክሪፕት ጸሐፊ ተፈራርቋል። «ናሽናል ትሬዠር»ን የጻፉት ባልና ሚስቱ ዊበርሊዎች፣ ዴቪድ ጉገንሃይም፣ ለ«ዘ ኸርት ሎከር» ኦስካር የወሰደው ማርክ ቦል፣ በኋላም ጆ ካርናሃን። የጦር ሜዳ ድራማ የጻፈ ሰው፣ የቤተሰብ ጀብዱ የጻፉ ባልና ሚስት፣ ጥይትና ስድብ የሚወድ ካርናሃን! የስሞቹ ዝርዝር ብቻውን ስቱዲዮው ምን ዓይነት ፊልም እንደሚፈልግ እንዳልወሰነ ይነግርሃል።

እዚህ ጋ ከውጭ የማይታይ ነገር አለ። ዳይሬክተር ሲቀየር ስክሪፕቱ እንደ ቤት ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። አዲሱ ሰው አንብቦ «ጥሩ ነው ግን እኔ የምሠራው አይደለም» ይላል፣ የራሱን ጸሐፊ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ስቱዲዮው ያነባል፣ ፕሮዲዩሰሮቹ ያነባሉ፣ የጌሙ ባለቤቶች ያነባሉ፣ ሁሉም አስተያየት ይሰጣል፣ አስተያየቶቹም እርስ በርስ ይጣላሉ። ጸሐፊው ሁለተኛ ረቂቅ ይጽፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል፣ ዳይሬክተሩም እስከዚያ ሌላ ሥራ ይቀርብለታል። ሌላኛው ሥራ ስክሪፕቱ ያለቀ፣ ገንዘቡ የጸደቀ፣ ቀኑ የተቆረጠ ነው። አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጣለህ? ስለዚህ «ይለግማሉ ወይ» ላልከው፣ አይለግሙም። በርገር ከአንቻርትድ በኋላ «ዳይቨርጀንት»ን ሠርቷል፣ ራስል «ሲልቨር ላይኒንግስ ፕሌይቡክ»ን። ሰዎቹ ሥራ ላይ ነበሩ፣ ፊልሙ ነው ያልነበረው።

ስቱዲዮው ራሱም ቆሞ አይጠብቅም። ሶኒ ፒክቸርስ በ2014 መጨረሻ በኮምፒውተር ዘራፊዎች ተመዝብሮ ኢሜይሉ ሁሉ አደባባይ ወጣ፣ በ2015 መጀመሪያም ኤሚ ፓስካል ከኃላፊነት ተነስታ ቶም ሮትማን ተተካ። አዲስ ኃላፊ የቀድሞውን ሰው ፕሮጀክቶች እንደ ራሱ ልጆች አያያቸውም። ቢሳካ ምስጋናው ለሄደው ነው፣ ቢወድቅ ወቀሳው ለእሱ። አንቻርትድ ጁን 2016 ይወጣል ተብሎ ቀን ተቆርጦለት ነበር፣ ያ ቀን ውሃ በላው።

ይባስ ብሎ ጌሙ ራሱ እየተቀየረ ነው። ሁለተኛው በ2009 ወጣ፣ ሦስተኛው በ2011፣ አራተኛው በ2016። በ2010 የተጻፈ ስክሪፕት ደጋፊው ድሬክን በደንብ ሳያውቀው የተጻፈ ነው። በ2016 ግን ሰው የድሬክን የልጅነት ታሪክ፣ ወንድሙን፣ ትዳሩን ሁሉ ያውቃል። ከመጽሐፍ የሚሠራ ፊልም ብዙ ጊዜ ይሄ ችግር የለበትም፣ መጽሐፉ ታትሞ አልቋል።

ምሰሶው የተተከለው በ2017 ነው። ዳይሬክተር አይደለም፣ ስክሪፕትም አይደለም። ቶም ሆላንድ ነው። ሆላንድ የወጣቱን ጄምስ ቦንድ ታሪክ ለመሥራት ለሶኒ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፣ ያ አልሆነም፤ ሐሳቡ ግን ወደ ወጣቱ ድሬክ ዞረ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ተፈታ። አንደኛ፣ ፊልሙ ጌሙ ከሚጀምርበት በፊት ያለውን ዘመን ስለሚያወራ አራቱን ጌሞች መድገም አይጠበቅበትም። ሁለተኛ፣ ስፓይደርማን የሆነው ልጅ በሶኒ እጅ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልከት። በ2016 የገባው ሾን ሌቪ በ2018 መጨረሻ ወጣ። ዳን ትራክተንበርግ በ2019 መጀመሪያ ገብቶ በዚያው ዓመት ኦገስት ወጣ። ትራቪስ ናይት ተተካ፣ እሱም ዓመቱ ሳያልቅ ወጣ፣ የሆላንድ የስፓይደርማን ቀረጻ ከፊልሙ ጋር ስለተጋጨ። በ2020 መጀመሪያ «ቬኖም»ን ለሶኒ የሠራው ሩበን ፍላይሸር መጣ። ሰባተኛው ማለት ነው። ከውጭ ሲታይ የባሰበት ዘመን ይመስላል፣ በሦስት ዓመት አራት ዳይሬክተር! እኔ ግን የምነግርህ ተቃራኒውን ነው። በ2011 ዳይሬክተሩ ሲወጣ ፊልሙም አብሮ ፈረሰ፣ ዋልበርግ ሳይቀር ሄደ። በ2019 ግን ዳይሬክተር ሲወጣ ሌላ ይገባል እንጂ ፊልሙ አይነካም። ናይት የወጣው ከሆላንድ ካላንደር ጋር መሄድ ስላቃተ ነው። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ተለይቷል።

ዋልበርግ ደግሞ ተመለሰ፣ በሱሊነት። ድሬክ ሊሆን ሲታጭ 39 ዓመቱ ነበር፣ ሆላንድ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ፊልሙ እስኪሠራ ድሬክ የነበረው ሰው የድሬክ አሳዳጊ ለመሆን ደረሰ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማልጠግበው ይሄን ነው።

ማርች 2020 በርሊን ላይ ሊቀረጽ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ኮቪድ መጣና ተዘጋ። በጁላይ ተጀመረ። የመውጫ ቀኑ ደጋግሞ ተገፋ፣ በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ አረፈ። ይሄኛው መዘግየት ግን ጠቀመው። ሆላንድ የተወነበት «ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም» በዲሴምበር 2021 ወጥቶ ከ1.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። አንቻርትድ ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ፊት ይዞ ሲመጣ፣ ጌሙን ነክቶት የማያውቅ ሰውም ትኬት ቆረጠ። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። ፊልሙ ድንቅ ነው አልልህም። ለብ ያለ ነው፤ ከሦስተኛው ጌም የተወሰደው የጭነት አውሮፕላን ትዕይንት ጌሙ ላይ ይበልጥ ልብ ያንጠለጥላል። በስክሪፕት ጸሐፊነት ስማቸው የወጣው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቀደም ብዬ ከጠራኋቸው አንዳቸውም የሉበትም።

አሁን «ታሪኩ ጌሙ ላይ አለ» ወዳልከው እንምጣ። ዋናው ችግር እኮ እሱ ነው።

አንቻርትድ ጌሙ ራሱ የሆሊውድ ጀብዱ ፊልም እንዲመስል ሆኖ የተሠራ ነው። ካሜራው፣ ቀልዱ፣ ሙዚቃው፣ የሚፈርሰው ድልድይ። ሰው የወደደው ግን ድልድዩ ሲፈርስ ተንጠልጥሎ የሚተርፈው ራሱ ስለሆነ ነው። መቆጣጠሪያውን ከእጁ ወስደህ ያንኑ ትዕይንት ብታሳየው ምን ቀረለት? ከዚህ በፊት ያየው ዓይነት ጀብዱ ፊልም። ስለዚህ ጸሐፊው ተጫዋቹ የሚያደርገውን በሙሉ አውጥቶ በምትኩ የሆነ ነገር ማስገባት አለበት፣ ያ የሆነ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም። ራስል ቤተሰብ አለ። ሌላው ሌላ አለ። ሰባት ዳይሬክተር ማለት ለዚያች አንዲት ባዶ ቦታ የቀረበ ሰባት ዓይነት መልስ ነው።

ማይንክራፍት ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ታሪክ የለውም። ዓለም አለ፣ ብሎኮች አሉ፣ የፈለግከውን ትሠራለህ። ዋርነር ብራዘርስ በ2014 ሲይዘው ሾን ሌቪ ነበር ዳይሬክተሩ፣ በዚያው ዓመት ወጣ። (አዎ፣ ያው ሌቪ። ከሁለቱም ወጥቶ፣ ስለ አንድ የጌም ዓለም ነዋሪ የሚያወራውን «ፍሪ ጋይ»ን ሠራና በ2021 አወጣው። ባለቤት የሚባል አስቸጋሪ የሌለበትን ጌም ራሱ ፈጠረ፣ ተገላገለ።) ከዚያ ሮብ ማኬልሄኒ መጣ፣ ሜይ 2019 ይወጣል ተብሎ ቀን ተቆረጠ። ስቱዲዮው ውስጥ ሰው ተቀየረ፣ ያም ፈረሰ። ፒተር ሶሌት መጣ፣ ማርች 2022 ተባለ፣ እሱም ቀረ። በ2022 ጃሬድ ሄስ ገባ፣ ጄሰን ሞሞአ ተጨመረ፣ በኋላ ጃክ ብላክ። የተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ በመሃል ገብቶ አዘገየው፤ በ2024 መጀመሪያ ኒውዚላንድ ውስጥ ተቀረጸ፣ በኤፕሪል 2025 ወጣ። ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እዚያ ምሰሶው ምን ነበር ካልከኝ፣ ቃና ነው እላለሁ። ሄስ ፊልሙ ቂላቂል ኮሜዲ እንዲሆን ወሰነ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ጋር ተስተካከለ። ደግሞ ያለ ታሪክ ለመጣ ጌም ቃና ከታሪክ ይቀድማል።

ስለ ባለቤቶቹ ትንሽ ልበል፣ ሰው ብዙ የማያወራው እነሱን ነው።

አንድ ደራሲ የመጽሐፉን መብት ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙ እንዲሠራ ይፈልጋል፣ ገንዘቡም ስሙም ያስፈልገዋል። የጌም ኩባንያ ግን ፊልሙ ባይሠራም አይርበውም። ጌሙ ራሱ ከፊልሙ የበለጠ ሊያስገባ ይችላል። ፊልሙ መጥፎ ቢሆን ደግሞ የሚጎዳው የእሱ ስም ነው። ስለዚህ ብዙ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይለቃል። የማይክሮሶፍትን የጠፈር ጦርነት ጌም፣ የሄይሎን ታሪክ ውሰድ። በ2005 ማይክሮሶፍት ጸሐፊውን አሌክስ ጋርላንድን 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ስክሪፕት አስጻፈ። ስክሪፕቱን ወደ ስቱዲዮዎቹ ያደረሱት የጌሙን ጀግና የማስተር ቺፍን ጥሩር የለበሱ መልእክተኞች ናቸው፤ ስቱዲዮዎቹም አንብቡና ወዲያው ወስኑ ተባሉ። ማይክሮሶፍት የጠየቀው 10 ሚሊዮን ዶላር እና ከገቢው 15 በመቶ ነበር። አብዛኞቹ ስቱዲዮዎች ሸሹ። ዩኒቨርሳልና ፎክስ ተጣምረው በ5 ሚሊዮንና በ10 በመቶ ተስማሙ። ፒተር ጃክሰን በፕሮዲዩሰርነት መጣ፣ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ኒል ብሎምካምፕ በዳይሬክተርነት። ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል አይደል?

ችግሩ ከመጀመሪያው ዶላር ላይ ድርሻ የሚቆርጠው ሰው በዛ። ባለመብቱ አለ፣ ፕሮዲዩሰሩ አለ። ስቱዲዮዎቹ አደጋውን ሁሉ ተሸክመው ትርፉን ሌላው ሊወስደው ሆነ። ድርሻችሁን ቀንሱ ተባሉ፣ እምቢ አሉ፣ በኦክቶበር 2006 ፊልሙ ሞተ። ሰው አሁንም «ሆሊውድ ሄይሎን አልተረዳውም» ይላል። ፊልሙን የገደለው ግን ሒሳብ ነው። ጃክሰንና ብሎምካምፕ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ «ዲስትሪክት 9»ን ሠሩ፣ በ2009 ወጣ፣ ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጨ። ሄይሎ ስክሪን ላይ የመጣው በ2022፣ በተከታታይ ድራማነት ነው፤ ከሁለት ሲዝን አላለፈም።

ሶኒ ይሄን አይቶ ይመስለኛል በ2019 ፕሌይስቴሽን ፕሮዳክሽንስን ያቋቋመው። አንቻርትድን የሠራው የጌም ኩባንያ ኖቲ ዶግም ኮሎምቢያም የሶኒ ስለሆኑ ከመጀመሪያው ቀላል መሆን ነበረበት ትል ይሆናል። አይደለም። በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ከሁለት ባዕድ ኩባንያዎች ሊብሱ ይችላሉ፤ የባዕዶቹ ጠብ ቢያንስ በውል ይዳኛል። የጌሙ ወገን ስለ ፊልሙ የሚናገርበት ቢሮ ሲኖረው ነው ነገሩ መስመር የያዘው። ኒንቴንዶ ደግሞ አልፎ ሄደ። የ1993ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ቀረጻ ላይ እያለ እንኳ ስክሪፕቱ ይከለስ ነበር፣ ወድቆም ቀረ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ማሪዮን ለማንም ሳይሰጥ ለዘመናት ተቀመጠ። በ2018 ከአኒሜሽን ስቱዲዮው ኢሉሚኔሽን ጋር ሲመጣ ግን የማሪዮ ፈጣሪ ሚያሞቶ ራሱ ፕሮዲዩሰር ሆኖ፣ ኒንቴንዶም ገንዘብ አዋጥቶ ነው። በ2023 ወጣ፣ ወደ 1.36 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። አምስት ዓመት ፈጀ፣ ለአኒሜሽን ደግሞ ይሄ ጤናማ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ራሱ ምሰሶ ሲሆን እንዲህ ነው።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ባዮሾክ የሚባለው ጌም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳይሬክተሩ ጎር ቨርቢንስኪ በ2008 ይዞት ነበር። ከባሕር ሥር የተገነባ ራፕቸር የሚባል ከተማ፣ ደም፣ እብደት። ለአዋቂ ብቻ የሚፈቀድ ፊልም ይሁን አለ፣ ባጀቱም ወደ 160 ሚሊዮን ዶላር። ስቱዲዮው ሁለቱን በአንድ ላይ አልፈቀደም፤ ልጆች የማይገቡበት ፊልም ያን ያህል ገንዘብ ይመልሳል ብሎ አላመነም። በ2009 ቆመ። በኋላ ባጀቱ ተቀንሶ ሌላ ዳይሬክተር ሲመጣ፣ የጌሙ ፈጣሪ ኬን ሌቪን ራሱ ይቅር አለ። እኔ ሌቪንን አደንቀዋለሁ። ርካሽ ራፕቸር ከሚታይ ባይታይ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ መውሰድ ፊልሙን ያሻሽለዋል ወይ? አይመስለኝም፣ አያበላሸውምም። ቦርደርላንድስ የሚባለው የጌም ፊልም በ2015 ተወርቶ በ2024 ወጣ። ኢላይ ሮት በ2021 ሃንጋሪ ውስጥ ቀረጸው፣ በ2023 የድጋሚ ቀረጻውን ቲም ሚለር ሠራው፣ ሮት ሌላ ፊልም ላይ ስለነበር። ቀደም ሲል ስክሪፕቱን የጻፈው ክሬግ ሜዚን ነበር፣ ስሙ ፊልሙ ላይ የለም። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት 33 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። ይሄው ሜዚን ግን በዚሁ ዘመን ከሌላ ጌም «ዘ ላስት ኦቭ አስ»ን ሠራ። እሱም እኮ በ2014 ፊልም ሊሆን ነው ተብሎ፣ ሳም ሬይሚ በፕሮዲዩሰርነት ተጠርቶ፣ ለዓመታት የተንገላታ ነው። ለሁለት ሰዓት ፊልም አልበቃ ያለው ታሪክ ለኤችቢኦ ተከታታይ ድራማ ሲሆን በ2023 ተመልካቹን አስለቀሰ። አንዳንዴ የሚዋልለው ነገር ቅርጹ ራሱ ነው።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄህ፦ የምጠብቀው ፊልም ይሠራ አይሠራ በምን ልወቅ?

የመውጫ ቀን ስትሰማ አትፈንድቅ። አንቻርትድ የ2016 ቀን ነበረው፣ ማይንክራፍት የ2019። ስቱዲዮ ቀን የሚቆርጠው ሌላው ስቱዲዮ ያችን ቅዳሜና እሁድ እንዳይዝበት ነው፣ ስክሪፕት ሳይኖርም ይቆርጣል። የዳይሬክተር ስምም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሰውየው ከዚህ በፊት የገባበት ሌላ ፊልም ካለ መጀመሪያ ያንን ነው የሚጨርሰው። የታዋቂ ተዋናይ ስም ከዚህ ትንሽ ይሻላል፣ ግን «እየተነጋገረ ነው» ከተባለ እሱም ወሬ ነው።

የሚመዝነው ሌላ ነው። ቀረጻው በየትኛው ከተማ በየትኛው ወር እንደሚጀመር ሲነገር፣ ስቱዲዮው ስፍራ ተከራይቷል፣ የግብር ማበረታቻ ጠይቋል፣ ገንዘብ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው። ካሜራ ኃላፊውና የዲዛይን ኃላፊው ሲታወቁ ደግሞ ይበልጥ እመን፤ እነዚህ ሰዎች ቀን ለሌለው ሥራ አይቀጠሩም። የረዳት ተዋናዮች ስም በአንድ ወር ውስጥ አከታትሎ ሲወጣም እንዲሁ። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚፈርስ ፊልም አለ፣ ባዮሾክ ለቀረጻ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው የቆመው፣ ግን ብርቅ ነው።

ሜታል ጊር ሶሊድ የሚባለውን ጌም በዚህ ለካው እስቲ። ፈጣሪው ሂዴዮ ኮጂማ ፊልም እየተሰናዳ ነው ያለው በ2006 ነው። ጆርዳን ቮት-ሮበርትስ በዳይሬክተርነት የተጠራው በ2014። ኦስካር አይዛክ ዋናውን ገጸ ባህሪ ስኔክን ይሆናል የተባለው በ2020። ሦስት ትልልቅ ዜና፣ በሦስቱም ጊዜ የቀረጻ ወር አልተጠቀሰም። ባዮሾክም በ2022 ወደ ኔትፍሊክስ ሄዶ ፍራንሲስ ላውረንስ ተሰጥቶታል፤ ላውረንስ ግን ከዚያ በኋላ በ2023 ያወጣው የሃንገር ጌምስን ፊልም ነው። አንተ የምትጠብቀው የትኛው እንደሆነ አልነገርከኝም። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ የከተማና የወር ስም እስክትሰማ ድረስ መቁጠር አትጀምር።